የሚቆጠርብን ግብ ቀነሰ ማለት መከላከላችን ተሻሻለ ማለት ነውን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የውድድር ዘመኑ ሲጀመር ለዚህ ዓምድ የሚደርሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አዳዲስ ፈራሚዎች ናቸው፤ ሊጠናቀቅ ሲቃረብ ደግሞ ስለ ዋንጫና ስለ መውረድ ይሆናሉ። በአጋማሹ የሚጻፉት ደብዳቤዎች ግን ከሁለቱም ይለያሉ፤ ጸሐፊዎቻቸው አንድ ነገር በቡድናቸው ውስጥ እንደተለወጠ ተሰምቷቸዋል፣ ለውጡ እውነተኛ ይሁን አይሁን ግን እርግጠኛ አይደሉም። በዚህ ወር ከደረሱን መካከል ስድስቱ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ በመሆኑ፣ ማለትም ስለ ተሻሻለ ወይም የተሻሻለ ስለሚመስል የኋላ መስመር በመሆኑ፣ በአንድነት ልንመልሳቸው ወድደናል። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምደግፈው ቡድን በመጀመሪያዎቹ 12 የሊግ ጨዋታዎች 18 ግቦች ተቆጥረውበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ባደረጋቸው 5 ጨዋታዎች ግን የተቆጠረበት 3 ግብ ብቻ ነው፤ በሦስቱ ጨዋታዎች መረቡን አላስደፈረም። ጓደኞቼ «የኋላ መስመራችን ተስተካክሏል» ብለው ጉዳዩን ዘግተውታል። እኔ ግን ቶሎ ተደስቼ በኋላ እንዳላፍር ሠጋሁ። መሻሻሉ እውነት መሆኑን በምን ላውቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ስጋትዎ ምክንያት አለው፤ የጓደኞችዎ ደስታም እንዲሁ። በመጀመሪያ ቁጥሩን ራሱን እንመርምረው። ቡድንዎ በ12 ጨዋታ 18 ግብ ሲቆጠርበት በአንድ ጨዋታ በአማካይ 1.5 ማለት ነው። ምንም ነገር ሳይሻሻል በዚሁ አማካይ ቢቀጥል በ5 ጨዋታ 7 ወይም 8 ግብ ይጠበቅበታል። ሆኖም ግብ በእግር ኳስ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚከሰት ነገር ስለሆነ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከአማካዩ በብዙ ሊርቅ ይችላል። ቀላል የዕድል ስሌት ብንሠራ፣ በአማካይ 1.5 ግብ የሚቆጠርበት ቡድን በ5 ጨዋታ 3 ወይም ከዚያ ያነሰ ግብ ብቻ የሚቆጠርበት አጋጣሚ ከመቶ ስድስት ገደማ ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ያለ አማካይ ያላቸው 20 ቡድኖች በአንድ ሊግ ውስጥ ቢኖሩ፣ በየትኛውም አምስት ጨዋታ ውስጥ ከመካከላቸው አንዱ ምንም ሳይሻሻል የተሻሻለ መስሎ ይታያል ማለት ነው። ያ አንዱ የእርስዎ ቡድን መሆን አለመሆኑን የግቡ ቁጥር ብቻውን ሊነግርዎት አይችልም።

ስለዚህ ከግቡ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሰው ግቡ የሚመጣበትን ዕድል ይቁጠሩ። ተከላካይ በእጁ ያለው ዕድሉን መከልከል ነው፤ ዕድሉ ከተሰጠ በኋላ የሚሆነው ነገር የአጥቂው፣ የግብ ጠባቂው፣ አንዳንድ ጊዜም የቋሚውና የአግዳሚው ጉዳይ ነው። ተጋጣሚ አጥቂ ከስድስት ሜትር ላይ ባዶ መረብ እያየ ወደ ሰማይ ቢሰድ፣ በውጤት ሰሌዳው ላይ ተከላካዮቹ ምንም አላጠፉም፤ በሜዳው ላይ ግን አጥፍተዋል። በተቃራኒው ከ30 ሜትር የተመታ ኳስ በሰው እግር ተጨርፎ መረብ ቢነካ፣ ተከላካዮቹ ሥራቸውን በሚገባ ሠርተው ሊሆን ይችላል።

የሚጠበቅ ግብ ወይም በአጭሩ ኤክስ ጂ የሚባለው መለኪያ የተፈጠረው ይህንን ልዩነት በቁጥር ለመግለጽ ነው። እያንዳንዱ ሙከራ ከየት እንደተመታ፣ በእግር ይሁን በግንባር፣ ኳሷ እንዴት እንደደረሰችው ታይቶ፣ ቀደም ሲል ተመሳሳይ ሙከራዎች ምን ያህሉ ግብ እንደሆኑ በማነጻጸር ዋጋ ይሰጠዋል። ፍጹም ቅጣት ምት ከአራት ሦስት ጊዜ ገደማ ግብ ስለሚሆን ዋጋው ወደ ሦስት አራተኛ ይጠጋል፤ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ውጪ የሚመታ ተራ ሙከራ ግን ከመቶ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው መረብ የሚያገኘው። እንግዲህ ሃያ ጊዜ ከሩቅ የተሞከረበት ቡድን አራት ጊዜ ከግቡ አፍ ላይ ከተሞከረበት ቡድን በተሻለ ተከላክሎ ሊሆን ይችላል። የሙከራ ብዛት ብቻ እያዩ የሚፈርዱ ተንታኞችን በየሳምንቱ የምንሰማ ቢሆንም ብዛቱ ያለ ቦታው ብዙ አይናገርም።

ኤክስ ጂ ማግኘት ካልቻሉ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃዎታል። በሚቀጥሉት ጨዋታዎች ተጋጣሚ ከቅጣት ምት ክልሉ ውስጥ፣ በግቡ ሁለት ቋሚዎች ትክክል፣ ከፊቱ ከግብ ጠባቂው በቀር ሰው ሳይኖር የመታባቸውን ጊዜያት ብቻ ይመዝግቡ፤ ከጎኑ ደቂቃውንና ኳሷ የመጣችበትን መንገድ ይጻፉ። ከመስመር የተሻገረች ናት? ከማዕዘን ምት ነው? መሀል ሜዳ ላይ ተነጥቀን በመልሶ ማጥቃት ነው? ስድስትና ሰባት ጨዋታ ሲሆን ገጹ ራሱ ይናገራል። ግቡ ቀንሶ እነዚህ ምልክቶች ካልቀነሱ ቡድንዎ ዕድል ቀንቶታል፤ ሁለቱም አብረው ከቀነሱ ጓደኞችዎ ልክ ናቸው።

ከዚህ ጋር አብረው የሚታዩ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ተጋጣሚዎቹ እነማን እንደነበሩ ነው፤ በእነዚያ 12 ጨዋታዎች ከሠንጠረዡ አናት ካሉት ጋር ተጫውቶ ከሆነ፣ በእነዚህ 5 ደግሞ ግብ ከቸገራቸው ጋር፣ ለውጡ በተጋጣሚው እንጂ በቡድንዎ ላይ አይደለም። ሁለተኛው ጨዋታው የነበረበት ሁኔታ ነው። እየተመራ ያለ ቡድን ወደ ፊት ስለሚወጣ ከኋላው ይጋለጣል፤ ስለዚህ አጥቂዎቹ ቀድመው ማስቆጠር የጀመሩለት ቡድን ተከላካዮቹ ምንም ሳይለወጡ የተረጋጉ ይመስላሉ።

ቁጥሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ዐይን የሚያየው ይቀራል። ኳሷ በቀኝ መስመር ላይ ስትሆን ሁላችንም ኳሷን እናያለን። እርስዎ ግን ለአንድ ጨዋታ ዐይንዎን ከኳሷ ነቅለው ወደ ማዶው፣ ወደ ግራ መስመር ተከላካዩ ይላኩ። ወደ መሀል ተጠግቶ ከመሀል ተከላካዩ ጋር ያለውን ክፍተት ዘግቷል ወይስ የራሱን ሰው ብቻ እየጠበቀ መስመሩ ላይ ተገትሯል? ኳሷ ከመሻገሯ በፊት አንገቱን አዙሮ ከጀርባው የሚመጣ ሰው መኖሩን ያያል? በጥቅምት ወር ኳሷን ብቻ እያየ ሰው ከጀርባው ሲገባበት የነበረ ተከላካይ በጥር ወር ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አንገቱን ሲያዞር ካዩት፣ የልምምድ ሜዳው ላይ አንድ ሰው በጉዳዩ ላይ እየሠራ ነው። እንዲህ ያለው ልማድ በዕድል የሚመጣ አይደለም።

ጥያቄ፦ ቡድናችን በአጋማሹ የዝውውር መስኮት አንድ የመሀል ተከላካይ በውድ ዋጋ አስፈርሞ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚቆጠርብን ግብ ቀንሷል። ምስጋናው ሙሉ በሙሉ ለእሱ ሊሰጥ ይገባል? ወንድሜ ግብ ጠባቂው ነው ያዳነን ይላል።

መልስ፦ ለዚህ ጥያቄ ከሊቨርፑል የ2017/18 የውድድር ዘመን የተሻለ ማስተማሪያ አናውቅም፤ ትንሽ ዘርዘር አድርገን እንየው።

ሊቨርፑል በዚያ ዓመት በመጀመሪያዎቹ 9 የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች 16 ግቦች ተቆጠሩበት። አምስቱ በማንቸስተር ሲቲ ሜዳ፣ አራቱ በዌምብሌይ ከቶተንሃም ጋር ነበሩ፤ በቶተንሃሙ ጨዋታ አሠልጣኙ የርገን ክሎፕ የመሀል ተከላካዩን ዴያን ሎቭረንን በ31ኛው ደቂቃ ላይ ከሜዳ አስወጣው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አብዛኛው ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይተርከዋል፤ የመሀል ተከላካዩ ቨርጂል ቫን ዳይክ በ75 ሚሊዮን ፓውንድ መጣና ሁሉም ነገር ተስተካከለ። የግቦቹን መዝገብ ስንገልጥ ግን ታሪኩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ከቶተንሃሙ ሽንፈት በኋላ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ድረስ ሊቨርፑል 13 የሊግ ጨዋታዎችን አድርጎ የተቆጠረበት 9 ግብ ብቻ ነበር። ቫን ዳይክ በዚህ ጊዜ ውስጥ ለቡድኑ አንዲት ኳስ አልነካም። ከዚያ በቀሩት 16 ጨዋታዎች፣ ቫን ዳይክ ከመጣ በኋላ ባለው ጊዜ፣ 13 ግቦች ተቆጠሩ። በአንድ ጨዋታ ሲሰላ ከመምጣቱ በፊት የነበሩት 13 ጨዋታዎች እንዲያውም ትንሽ የተሻሉ ናቸው።

ታዲያ 75 ሚሊዮኑ ለከንቱ ወጣ ልንል ነው? አይደለም። በዚያው «የተሻሻለ» በተባለው ጊዜ ውስጥ ሊቨርፑል በሻምፒዮንስ ሊግ በሴቪያ ሜዳ ላይ እስከ ዕረፍት 3 ለ 0 እየመራ 3 ለ 3 ተለያይቷል። በዲሴምበር ወርም በአርሰናል ሜዳ 2 ለ 0 ከመራ በኋላ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ግብ ተቆጥሮበት በ3 ለ 3 ተመልሷል። የሚቆጠርበት ግብ አማካይ ተሻሽሏል፤ ድንገት የመፍረስ በሽታው ግን አልለቀቀውም ነበር። አንድ ግብ ሲቆጠር መስመሩን የሚያረጋጋ፣ «ወደ ኋላ አትሽሹ፣ ባላችሁበት ቁሙ» የሚል ሰው አልነበረውም። ቫን ዳይክ የሞላው ይህንን ቦታ ነው፤ ይህ ደግሞ በጥቂት ወራት የግብ አማካይ ላይ ቶሎ የሚታይ ጥቅም አይደለም። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ግብ ጠባቂው አሊሰን ቤከር ሲጨመር ሊቨርፑል በ38 ጨዋታ የተቆጠረበት 22 ብቻ ሆነ፤ ባለፈው ዓመት ግን 38 ነበር።

ወደ እርስዎ ቡድን ስንመለስ፣ አዲሱ ተከላካይ ከመግባቱ በፊት የነበሩትን አራትና አምስት ጨዋታዎች ለብቻ ነጥለው ይመልከቱ። ቁልቁለቱ ቀድሞ ጀምሮ ከነበረ ምስጋናው ቢያንስ ለሁለት ይከፈላል። የወንድምዎን ክርክር ለመፍታት ደግሞ በመጀመሪያው መልሳችን ላይ የጠቀስነው ወረቀት ይጠቅማል። ግልጽ ዕድሎቹ እንደ በፊቱ እየተፈጠሩ፣ ግብ ጠባቂው ግን እያዳናቸው ከሆነ ወንድምዎ አሸንፏል። በነገራችን ላይ ግብ ጠባቂን ባዳናቸው ኳሶች ብዛት ብቻ ማሞገስ ልማድ ሆኗል፤ ብዙ ያዳነ ግብ ጠባቂ ማለት ግን ብዙ የተሞከረበት ግብ ጠባቂ ማለትም ነው። አማካይ መስመሩን እንዳይረሱም አደራ። ቼልሲ በ2004/05 በ38 ጨዋታ 15 ግብ ብቻ ሲቆጠርበት ሁሉም ስለ ተከላካዮቹ ስለ ጆን ቴሪና ስለ ሪካርዶ ካርቫልሆ፣ ስለ ግብ ጠባቂው ስለ ፒተር ቼክም ያወራ ነበር። ከእነሱ ፊት ቆሞ ኳሷ እስከ እነሱ እንዳትደርስ ያደርግ የነበረው የአማካይ መስመር ተጫዋቹ ክላውድ ማኬሌሌ ግን በፎቶግራፎቹ ጥግ ላይ ነው የሚገኘው።

ጥያቄ፦ የእኛ ቡድን መከላከሉን ያሻሻለው ወደ ራሱ ሜዳ አፈግፍጎ በመቀመጥ ነው። አሁን አይቆጠርበትም፤ አያስቆጥርምም። ይህን መሻሻል ማለት ይቻላል?

መልስ፦ እንደሚያስገኘው ነጥብ ነው። በአንድ ጨዋታ ድል ሦስት ነጥብ፣ አቻ አንድ ነጥብ እስከሆነ ድረስ ሦስት ጊዜ ያለ ግብ አቻ የወጣ ቡድን አንድ ጊዜ አሸንፎ ሁለት ጊዜ ከተሸነፈ ቡድን ጋር እኩል ነው። ላለመውረድ ለሚታገል ቡድን ይህ ሊበቃ ይችላል፤ ከፍ ያለ ዓላማ ላለው ቡድን አይበቃም።

የጥያቄዎ ሥር ግን ከዚህ ጠለቅ ይላል፤ ማጥቃትን ቀንሶ መከላከልን ማሳደግ ያዋጣል ወይ ነው። በጃንዋሪ 2021 ቼልሲ ፍራንክ ላምፓርድን አሰናብቶ ቶማስ ቱሄልን ሲቀጥር የውድድሩ ዘመን ልክ አጋማሽ ላይ ነበር፤ ሁለቱ አሠልጣኞች እኩል 19 የሊግ ጨዋታ ስለመሩ ንጽጽሩ ንጹሕ ነው። በላምፓርድ ቼልሲ 33 ግብ አስቆጥሮ 23 ተቆጠረበትና 29 ነጥብ ሰበሰበ። በቱሄል 25 ግብ አስቆጥሮ 13 ተቆጠረበትና 38 ነጥብ ሰበሰበ። ያስቆጠረው በስምንት ግብ ቢቀንስም የተቆጠረበት በአሥር ስለቀነሰ፣ ነጥቡ በዘጠኝ ጨመረ። አዲስ ተጫዋችም አልተገዛም፤ በላምፓርድ ዘመን ብዙ ያልተሰለፈው ተከላካይ አንቶኒዮ ሩዲገር ወደ ሜዳ ተመለሰ፣ ኋላ መስመሩም ሦስት የመሀል ተከላካዮች ያሉት ሆነ።

ይሁንና የቱሄል ቼልሲ የተከላከለው እንደ እርስዎ ቡድን በራሱ ሳጥን ዙሪያ ተሰብስቦ አልነበረም። ኳስን ረጅም ጊዜ በመያዝ፣ ሲነጠቅም እዚያው የተነጠቀበት ቦታ ላይ ጫና በመፍጠር ነበር። ተጋጣሚ ኳስ ከሌለው አይሞክርም። አፈግፍጎ የሚከላከል ቡድን በአንጻሩ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ተጋጣሚውን በሳጥኑ አካባቢ ያስተናግዳል፤ እያንዳንዱ የማዕዘን ምት፣ እያንዳንዷ ተጨርፋ የምትመለስ ኳስ አደጋ ናት። በአንድ ጨዋታ ይሳካል፤ በሠላሳ ስምንት ጨዋታ ለመድገም ግን ልዩ ትዕግሥትና ልዩ ግብ ጠባቂ ይጠይቃል። ስለዚህ ቡድንዎ ኳሷን ከነጠቀ በኋላ ምን እንደሚያደርግባት ይመልከቱ። አምስትና ስድስት ቅብብል አድርጎ ከራሱ ሜዳ የሚወጣ ከሆነ መሠረት እየጣለ ነው። ዝም ብሎ ወደ ፊት እየጠለዘ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ኳሷን መልሶ የሚያስረክብ ከሆነ ግን ጊዜ እየገዛ ነው እንጂ አልተሻሻለም።

ጥያቄ፦ አሠልጣኛችን ከመጣ ወዲህ መረባችን አልተደፈረም ማለት ይቻል ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ግን አራት ግብ ገባብን። ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ተመለሰ ማለት ነው?

መልስ፦ ከአንድ ጨዋታ ተነሥተው አይፍረዱ። ከላይ ያነሣነው ቼልሲ በቱሄል ሥር በሁሉም ውድድሮች በመጀመሪያዎቹ 14 ጨዋታዎች ሁለት ግብ ብቻ ነበር የተቆጠረበት፤ ከሁለቱም አንዱን ሩዲገር ራሱ በሼፊልድ ዩናይትድ ሜዳ በገዛ ግቡ ላይ ያስቆጠረው ነው። ከዚያም ኤፕሪል 3 ቀን 2021 በሠንጠረዡ ግርጌ አካባቢ የነበረው ዌስትብሮም በቼልሲ ሜዳ 5 ለ 2 አሸነፈ። በ29ኛው ደቂቃ የቼልሲው ተከላካይ ቲያጎ ሲልቫ በቀይ ካርድ ሲወጣ ቼልሲ 1 ለ 0 እየመራ ነበር፤ አምስቱም ግቦች የገቡት አሥር ሰው ሆኖ ከቀረ በኋላ ነው። ከአራት ቀን በኋላ ቼልሲ ፖርቶን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ሜይ 29 ደግሞ ማንቸስተር ሲቲን 1 ለ 0 ረትቶ የሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ አነሣ። ቱሄል በመራቸው 19 የሊግ ጨዋታዎች ከተቆጠሩት 13 ግቦች አምስቱ የዚያ አንድ ቀን ናቸው፤ በቀሩት 18 ጨዋታዎች የተቆጠረው ስምንት ብቻ ነው።

ማንቸስተር ዩናይትድም በ2008/09 በተከታታይ 14 የሊግ ጨዋታዎች መረቡን አላስደፈረም፤ ግብ ጠባቂው ኤድዊን ቫን ደር ሳር 1,311 ደቂቃ ያለ ግብ ቆየ። ያ ክብረ ወሰን በማርች 4 ቀን 2009 በኒውካስል ሜዳ ሲያበቃ፣ ከአሥር ቀን በኋላ ሊቨርፑል በኦልድ ትራፎርድ 4 ለ 1 አሸነፈው፤ ቀጥሎም በፉልሃም 2 ለ 0 ተሸነፈ። በመጨረሻ ሻምፒዮን የሆነው ግን ራሱ ዩናይትድ ነው።

እንግዲህ የእርስዎን አራት ግቦች አንድ በአንድ ያስቡ። ቀይ ካርድ፣ ጉዳት ወይም በገዛ ግብ ላይ የተቆጠረ ካለ ለጊዜው ወደ ጎን ያኑሩት። የቀሩት ግቦች ግን አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ ለምሳሌ ሁለቱም ወይም ሦስቱም ከአንድ መስመር የተሻገሩና በአንድ ሰው ጀርባ የገቡ ከሆኑ፣ ተጋጣሚው ያጠናው ክፍተት አለ ማለት ነው። ሌሎች አሠልጣኞችም ያንኑ ቪዲዮ እያዩ ነው። ያሳስበን የነበረው የአራቱ ብዛት ሳይሆን ይህ መመሳሰል ነው።

ጥያቄ፦ የትኛው ተከላካያችን የተሻለ እንደሆነ ለማወቅ ኳስ በመንጠቅና በሸርተቴ ብዛት ማወዳደር ይቻላል?

መልስ፦ በጥንቃቄ ብቻ። በጣም ጥሩ የሆነ ተከላካይ ብዙ ጊዜ ሸርተቴ አያስፈልገውም፤ ቀድሞ ትክክለኛው ቦታ ላይ ስለሚገኝ ኳሷ ወደ እሱ አትላክም። በየጨዋታው አምስትና ስድስት ጊዜ መሬት ላይ የሚንሸራተት ተከላካይ ጀግና ይመስላል፤ አንዳንዴም ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ቀድሞ የሠራውን የአቋቋም ስሕተት እያረመ ነው። ደግሞም ኳስ ብዙ የሚይዝ ቡድን ተከላካዮች የመንጠቂያ አጋጣሚ ስለሚያንሳቸው ቁጥራቸው ዝቅ ይላል። በምትኩ ተጋጣሚዎች በየትኛው ተከላካይ በኩል ማጥቃት እንደሚመርጡ ይመልከቱ፤ የእነሱ ምርጫ ከማንኛውም ሠንጠረዥ የበለጠ ይናገራል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ዙር በመልካም ሁኔታ አልቋል። በሁለተኛው ዙር የኋላ መስመራችንን ሊያናውጠው የሚችለው ምንድን ነው?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የሰው መጉደል ነው። የተረጋጋ የኋላ መስመር ማለት በአብዛኛው ተመሳሳይ አራት ወይም አምስት ሰዎች ሳምንት በሳምንት አብረው የሚሰለፉበት መስመር ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ አንዱ ሲጮኽ ሌላው ይሰማል። በዚህ የተነሣ የአሁኑን ጥንካሬ ሲገመግሙ ሁለቱ ዋና የመሀል ተከላካዮች በስንቱ ጨዋታ አብረው እንደተሰለፉ ይቁጠሩ፤ ተቀያሪው ሲገባም ዕድሎች መጨመር አለመጨመራቸውን ይዩ። ማስጠንቀቂያ ካርድ የተጠራቀመበት ተከላካይ ካለም ቀኑ መቼ እንደሚደርስ ይገመታል።

ቀጥሎ የቆሙ ኳሶች ናቸው። በእግር ኳስ ከሚቆጠሩት ግቦች ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ከማዕዘን ምት፣ ከቅጣት ምትና ከመሳሰሉት የሚነሡ ሲሆኑ፣ ተጋጣሚዎች በሁለተኛው ዙር የቡድንዎን አሰላለፍ አጥንተው ነው የሚመጡት። የማዕዘን ምት ሲመታ ቡድንዎ ሰው በሰው ይይዛል ወይስ ቦታ ይጠብቃል? ሰው በሰው የሚይዝ ከሆነ ተጋጣሚዎች ተከላካዩን በሩጫው መንገድ ላይ በመቆም ሊያግዱት ይሞክራሉ፤ ቦታ የሚጠብቅ ከሆነ ከሩቅ ተንደርድሮ የሚዘል ሰው ባለበት በቆመው ተከላካይ ላይ ብልጫ ያገኛል። ሁለቱም ዘዴ መድኃኒት አለው፤ ቡድኑ መድኃኒቱን መለማመዱ የሚታወቀው ግን የመጀመሪያው ኳስ ከተመለሰ በኋላ ነው። ከሳጥኑ ጫፍ ላይ ወደምትወድቀዋ ኳስ ማን ቀድሞ እንደሚሮጥ ይመልከቱ። የእርስዎ ማሊያ የለበሱ ሁለት ሰዎች ሳይጠሩ ወደዚያ ከሮጡ ቦታው በልምምድ ተከፋፍሏል፤ ሁሉም ግቡ አፍ ላይ ተኮልኩሎ ኳሷን በዐይኑ ብቻ ከሸኛት ግን የሚቀጥለው ተጋጣሚ እዚያ ቦታ ላይ ጥሩ መቺ ያስቀምጣል።